የድሮ ኮምፒውተር ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) አልከፈት ሲል፦ ጎንደር ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥር ገብቶ ለጥምቀት የሚመጡ ዘመዶች ከተማውን ሲሞሉት የእኔም የኮምፒውተር ጥገና ሥራ መልኩን ይቀይራል። ሌላ ጊዜ «ዊንዶውስ ጫንልኝ» የሚለው ደንበኛ በዚህ ሰሞን «ያ የድሮው ፎቶ የት ደረሰ?» እያለ ይመጣል። ቁም ሣጥን ውስጥ ዓመታት የቆየ ሃርድ ዲስክ በፌስታል ተጠቅልሎ ፒያሳ ይደርሳል። ስንሰካው ከውስጡ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ ይወጣል፤ ቢጫኑት አይከፈት፣ ስሙን ቢያነቡት አይገባ። «በቃ፣ ተበላሽቷል ማለት ነው?» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ሣጥኑ ደህና ነው፤ የጠፋው ቁልፉ ነው። ደንበኞች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እነሆ።

ዲስኩ ላይ ያለው አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ፎቶዎቼ የት ሄዱ?

እዚያው ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታና በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 «ኢዚ ትራንስፈር» የሚባል ፕሮግራም ነበራቸው። ሰው ኮምፒውተር ሲቀይር ሰነዱን፣ ፎቶውን፣ ቪዲዮውን፣ ዴስክቶፑ ላይ የተበተነውን ሁሉ ጠቅልሎ በአንድ ፋይል ያሽገዋል። የፋይሉ ቅጥያ «ሚግ» ይባላል፤ ኤም፣ አይ፣ ጂ በሚሉት ሦስት ፊደላት የሚያልቅ ማለት ነው። በዊንዶውስ 7 የተሠራ ከሆነ በስሙ ውስጥ «ከአሮጌው ኮምፒውተር የመጡ ዕቃዎች» የሚል ሐረግ በእንግሊዝኛ ይነበባል።

መጀመሪያ መጠኑን ይመልከቱ። 30 ወይም 40 ጊጋባይት የሚመዝን ከሆነ ተስፋው ትልቅ ነው። ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ከሆነ ግን ያኔም ቢሆን ማሸጉ ሳያልቅ ተቋርጦ ይሆናል፤ ሌላ ቅጂ መፈለግ ይሻላል።

አዲሱ ኮምፒውተሬ ከድሮው እጅግ የተሻለ ነው። እንዴት አንድ ፋይል መክፈት ያቅተዋል?

የጉልበት ጉዳይ አይደለም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ዊንዶውስ 10ን ሲያወጣ ኢዚ ትራንስፈርን አብሮ አላካተተውም። በምትኩ የሌላ ኩባንያ ፕሮግራም እንዲጠቀሙ ነበር ሰዎችን የመራው፤ ያኛው ደግሞ ፋይሎችን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚያሻግር እንጂ አሮጌውን የሚግ እሽግ የሚፈታ አይደለም። ስለዚህ አዲሱ ማሽን ፋይሉን አይቶ «በምን ልክፈተው?» ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ በፎቶ ማሳያ ወይም በወርድ ለመክፈት መሞከር ምንም አይጠቅምም። ቅጥያውን ቀይሮ «ዚፕ» ማለትም እንዲሁ፤ ስም መቀየር እሽጉን አይፈታውም።

ታዲያ እንዴት ላውጣው?

ዊንዶውስ 7 ያለበት ኮምፒውተር ይፈልጉ። ጎንደር ላይ ይህ ከባድ አይደለም፤ በየጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጥግ አቧራ ለብሶ ግን አሁንም የሚሠራ ዴስክቶፕ አይጠፋም። ብዙዎች የሚሳሳቱት ማሽኑን ካገኙ በኋላ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ።

ከሁሉ በፊት ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ ሥራው የሚሠራው በቅጂው ላይ ነው። «ከት» ሳይሆን «ኮፒ» ይበሉ፤ መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ልዩነቱ ያኔ ይታወቃል። መቀበያ ያደረጉት ፍላሽ «ፋት 32» በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ባዶ ቦታ እያለው «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚል ፍላሽ ገጥሞዎት ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው።

ቀጥሎ የድሮው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ይሁን ባለ 64 ቢት ይጠይቁ፤ ዊንዶውስ በእነዚህ በሁለት ዓይነት ይመጣ ነበር። ኢዚ ትራንስፈር ከ64 ቢት ወደ 32 ቢት አያሻግርም። ካላወቁት ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 7 ቢፈልጉ ይሻላል።

በተዋሱት ማሽን ላይ አዲስ የተጠቃሚ አካውንት ይክፈቱ። ይህን እርምጃ የሚዘሉ ሰዎች ያስቸግሩኛል። እሽጉ ሲፈታ ፋይሎቹ በአንድ ተጠቃሚ ስም ሥር ይሰፍራሉና፣ የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት አካውንት ላይ ከፈቱት የእርስዎ የሠርግ ፎቶ ከእርሱ ደረሰኞች ጋር ይደባለቃል። በአዲሱ አካውንት ገብተው ፋይሉን ሁለቴ ሲጫኑት ፕሮግራሙ ይነሣና በድሮው ኮምፒውተር ላይ የነበሩትን ተጠቃሚዎች ከነመጠናቸው ይዘረዝራል። ለእያንዳንዱ ስም ሥር ማስተካከያ አለ፤ ሰነድ፣ ፎቶ፣ ሙዚቃና ቪዲዮ ብቻ መርጠው የፕሮግራም ቅንብሮችን ይተዉአቸው። የድሮውን ተጠቃሚ ወደ አዲሱ አካውንት የሚያዛምዱበት ቦታም እዚያው ከታች፣ በተጨማሪ አማራጮች ውስጥ ይገኛል።

ቢያንስ የፋይሉን ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከጥር 14 ቀን 2020 ጀምሮ የደኅንነት ድጋፍ ስለተቋረጠበት፣ ሥራው እስኪያልቅ የኢንተርኔት ገመዱን ይንቀሉ። ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ካገኙ ከዴስክቶፕ ያስቀድሙት።

ሲያልቅ ፋይሎቹን ወደ ዲስክዎ ይገልብጡና ከመጀመሪያው፣ ከመሐሉና ከመጨረሻው እየመረጡ ይክፈቱ። ስማቸውን ማየት ብቻውን አይበቃም።

ዊንዶውስ 7 ያለበት ማሽን ባላገኝስ?

ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከዊንዶውስ 7 ኮምፒውተር፣ ሲ ድራይቭ ውስጥ፣ በዊንዶውስ ፎልደር ሥር፣ «ሲስተም 32» ከሚለው «ሚግዊዝ» የሚባለውን ፎልደር እንዳለ ገልብጦ በአዲሱ ማሽን ላይ ማስነሣት ነው። ብዙ ሰዎች በዊንዶውስ 10 ላይ ሠርቶላቸዋል፤ ማይክሮሶፍት ግን ድጋፍ የሚሰጠው መንገድ አይደለምና በቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ፋይል ላይ አይሞክሩት። ሁለተኛው «ቨርቹዋል ቦክስ» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ ዊንዶውስ 7 መጫን ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ እሽግ ላለው ሰው ግን አሮጌ ዴስክቶፕ ከመፈለግ ይገላግላል።

የእኔ ከዚያም የቆየ ነው፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር።

ኤክስፒም የራሱ ማሸጊያ ነበረው። «ዩ ኤስ ኤም ቲ 2» ብሎ የሚጀምር ፎልደር ካገኙና በውስጡ «ዳት» በሚል ቅጥያ የሚያልቁ ትላልቅ ፋይሎች ካሉ እርሱ ነው። ከውስጡ አንዱን ነጥለው አያንቀሳቅሱ፤ ፎልደሩ እንዳለ ሆኖ ነው የሚፈታው። እርግጠኛው መንገድ ያው ኤክስፒ ራሱ ነው፤ ወይ አሮጌ ማሽን ላይ፣ ወይ ቨርቹዋል ቦክስ ውስጥ።

ሚግ የሚባል ነገር የለም። ዚፕ የሆኑ ብዙ ፋይሎች ወይም ሌላ እንግዳ ነገር ነው ያለው።

እንግዲያው ዕድለኛ ነዎት። ቀንና ሰዓት በስማቸው ላይ የተጻፈባቸው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የተደራረቡ ፎልደሮችና በመጨረሻ ብዙ ዚፖች ካሉ፣ የዊንዶውስ 7 መደበኛ ባክአፕ ነው። እነዚህ ዚፖች ያለ ምንም ፕሮግራም ይከፈታሉ። ችግሩ ፎቶዎቹ በየዚፑ መበታተናቸው ነው፤ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። በዊንዶውስ 10 እና 11 የቁጥጥር ፓነል ውስጥም በዊንዶውስ 7 ስም የተቀመጠ የባክአፕ መመለሻ ስላለ፣ ዲስኩን ሰክተው በእርሱ ቢሞክሩ ሁሉንም በቦታ በቦታው ያስቀምጥልዎታል።

በ«ቪ ኤች ዲ» የሚያልቅ ግዙፍ ፋይል ከሆነ ደግሞ የመላው ሃርድ ዲስክ ምስል ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ባሉት ላይ ሁለቴ ሲጫኑት እንደ አንድ ተጨማሪ ድራይቭ ይከፈታል፤ ገብተው የሚፈልጉትን መገልበጥ ብቻ ነው።

ባክአፕ አልነበረኝም፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጫነብኝ። ሁሉም ጠፋ?

ፎርማት ሳይደረግ በላዩ ላይ ተጭኖ ከሆነ ላይጠፋ ይችላል። ሲ ድራይቭ ውስጥ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚል ፎልደር ካለ፣ «ዩዘርስ» ወደሚለው፣ ከዚያ ወደ ድሮ ስምዎ ይግቡ፤ ዴስክቶፑም ሰነዱም እዚያ ነው። የድሮው ኤክስፒ ከነበረ «ዶክዩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» በሚለው ሥር ይፈልጉ። ዛሬ ነገ አይበሉ፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 በማሻሻል የተጫኑ ከሆነ ይህን ፎልደር አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ራሳቸው ያጸዱታል።

ፎርማት ተደርጓል፤ ወይም ባክአፑን ራሱን ሰርዤዋለሁ።

ዲስኩን ይንቀሉት፤ ምንም አይጻፍበት። የተሰረዘ ፋይል ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ በቦታው ይቆያል፤ መልሶ ማውጫ ፕሮግራሙንም በዚያው ዲስክ ላይ መጫን ፋይሉን በገዛ እጅ መቅበር ነው። «ሬኩቫ» እና «ፎቶሬክ» ነፃ ናቸው፤ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይጫኑና የሚወጣውንም ወደ ሌላ ዲስክ ያውጡ። ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው አዲሱ ዓይነት ላይ ግን ተስፋው ጠባብ ነው፤ የተሰረዘውን ቦታ ዲስኩ ራሱ ቶሎ ስለሚያጸዳው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የሆነውን ልናገር። አንድ ደንበኛ ዲስክ ላይ ቦታ ላስለቅቅ ስል 38 ጊጋባይት የሚመዝን፣ የማይከፈት አንድ ፋይል አየሁ። «ይህ ምን ይሠራል?» ብዬ ሰረዝኩት፤ አልጠየቅኳቸውም። ማታውኑ ተመልሰው መጡ። መልሶ ማውጫ ፕሮግራሙ ፋይሉን አገኘው፤ መጠኑም ልክ ነበር፤ ግን አልከፈት አለ። ትልቅ ፋይል ዲስክ ላይ በአንድ ወጥ ቦታ ላይቀመጥ ይችላል፤ እየተቆራረጠ እዚህም እዚያም ይሰፍራል። ከቁራጮቹ አንዱ ከጎደለ ወይም ቦታውን ካልያዘ እሽጉ በሙሉ እንቢ ይላል። ሺህ ፎቶ ለየብቻው ቢሰረዝ ኖሮ ስምንት መቶው ይመለስ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምንነቱን የማላውቀውን ፋይል ባለቤቱን ሳልጠይቅ አልነካም፤ እርስዎም ዲስክዎን ለማንም ሲሰጡ ይህን አስቀድመው ይንገሩ።

ፍላሹን ስከፍተው ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል።

ይህ የታወቀው የሾርትከት ቫይረስ ነው፤ ከአንድ ኢንተርኔት ቤት ወደ ሌላው በፍላሽ እየተጓዘ የኖረ። ፋይሎቹን አይበላም፤ ይደብቃቸውና በቦታቸው ሐሰተኛ ምልክት ያስቀምጣል። ፍላሹ 14 ጊጋባይት ተይዟል እያለ የሚታዩት ምልክቶች አንድ ሁለት ኪሎባይት ብቻ ከሆኑ ነገሩ ይኸው ነው። ሾርትከቶቹን አይጫኑ። ቫይረሱን በጸረ ቫይረስ ካጸዱ በኋላ በፎልደር አማራጮች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያዝዙ፤ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክትም ያንሡ። እውነተኞቹ ፎልደሮች ደብዘዝ ብለው ይወጣሉ፤ ከዚያ መገልበጥ ነው። ይህን ያላወቀ ስንቱ «ፎርማት ይደረግልኝ» ብሎ የቤተሰብ ፎቶውን በገዛ ፈቃዱ አጥፍቷል!

የአማርኛ ሰነዶቼ ወጡ፤ ሲከፈቱ ግን የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከውጭ የሚጻፉ መመሪያዎች ውስጥ መልሱን አያገኙትም።

የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሦስተኛው ስሪት ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ጽሑፍ ይጻፍ የነበረው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰል ፕሮግራሞች ነበር። የዚያ ዘመን ፎንቶች አንድ ብልሃት ነበራቸው፦ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የፊደላችንን ቅርጽ ይሥላሉ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲኑን ፊደል ነው፤ «ሀ» ሆኖ የሚታየው በፎንቱ ምክንያት ነው። አንድ ፎንት የሚይዘው ከ256 ያልበለጠ ቅርጽ ስለነበር፣ ፊደላችን ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ አልበቃው ብሎ በሁለት ሦስት ፎንት የተከፋፈለበትም ጊዜ አለ። ፎንቱ ሲጠፋ የሥዕሉ ልብስ ይወልቅና ከሥሩ ያለው ላቲን ይታያል።

ስለዚህ ሰነዱ አልተበላሸም። አንድ የዕድር ጸሐፊ የነበሩ አባት የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብና የአባላት ዝርዝር ይዘው መጥተው «ቫይረስ በልቶታል» ብለው ነበር፤ ፎንቱን ስንጭነው የሟቾቹ ስም ሳይቀር ወጣ። ሰነዱን ወርድ ውስጥ ከፍተው ጽሑፉን ሲመርጡ ከላይ የሚታየው የፎንት ስም የትኛውን መፈለግ እንዳለብዎት ይነግርዎታል። የድሮው ሃርድ ዲስክ ወይም ምስሉ ካለ፣ በዊንዶውስ ፎልደር ሥር «ፎንትስ» የሚለውን እንዳለ ይገልብጡ፤ የሚፈልጉት ፎንት የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ኢዚ ትራንስፈር ፕሮግራሞችን አያሻግርምና ፓወር ግዕዝ ከሚጉ ውስጥ ይወጣል ብለው አይጠብቁ።

ፎንቱን ወደ ኒያላ መቀየር ግን መፍትሔ አይደለም። ኒያላ ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር የመጣ የዩኒኮድ ፎንት ነው፤ ላቲኑን ላቲን አድርጎ ነው የሚያሳየው። ትክክለኛው ፎንት ተጭኖ ጽሑፉ ሲነበብ ሰነዱን በፒዲኤፍ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ወዲያ በየትኛውም ማሽን፣ በስልክም ቢሆን ይነበባል። ጽሑፉን ማረምና መፈለግ ካስፈለገዎት ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መጻፍ ግድ ነው። አጭር ከሆነ መጻፉ ይቀላል፤ የመቶ ገጽ የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ መለወጫ ፕሮግራም ይፈልጉ፣ ሲያልቅ ግን መስመር በመስመር ያንብቡት፤ ዲቃላ ፊደላት ላይ ይሳሳታል።

የ2003 ጥምቀት ፎቶዎችን ፈለግሁ፤ 2003 የሚል ቀን ያለው ፋይል የለም።

ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ጥር 11 ቀን 2003 ዓ.ም. ለእርሱ የ2011 ጥር 19 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ይደምሩ። ሰዓቱም እንዲሁ ስድስት ሰዓት ይለያል፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ያነሡት «8» ሆኖ ይጠብቅዎታል።

ደግሞም «የተፈጠረበት» የሚለውን ቀን አይመኑ፤ ፋይሉ በተገለበጠ ቁጥር ይለወጣል። ለፎቶ «የተነሣበት ቀን» የሚለው ይሻላል፤ ካሜራው ራሱ የጻፈው ነው። የካሜራው ቀን ተስተካክሎ ከነበረ፣ ማለቴ ነው።

የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል።

ኢዚ ትራንስፈር ሲያሽግ የይለፍ ቃል ማስገባት ይቻል ነበር። ያለ እርሱ አይከፈትም፤ አቋራጭ አለኝ የሚል ሰው ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ይያዙ። ባሸገው ሰው ዘንድ፣ በድሮ ማስታወሻ ደብተር፣ ያኔ ለሌላ ነገር በሚጠቀሙበት ቃል ይሞክሩ። የዚያን ዘመን ስልክ ቁጥር ደንበኞቼ ዘንድ ብዙ ጊዜ ሠርቷል።

ዲስኩ ሲሰካ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ወዲያው ይንቀሉ። ይህ የፕሮግራም ሳይሆን የአካል ጉዳት ነው፤ በተሽከረከረ ቁጥር ይጭራል። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት የሚለውን ምክር አይስሙ። አቧራ ባለበት ክፍል ከፍቶ የሚያይልዎትንም እንዲሁ፤ እኔን ጨምሮ።

ለጥገና ቤት ብሰጥ ፎቶዬን ሰው አያይብኝም?

ሊያይ ይችላል። አጠገቡ ይቀመጡ፤ ጨዋ ባለሙያ አይከፋውም። የግድ ትተው የሚሄዱ ከሆነ ምን እንደሚወጣ፣ ወዴት እንደሚገለበጥ፣ በሥራ ማሽኑ ላይ የቀረውም እንደሚሰረዝ አስቀድመው ይስማሙ። ዋጋውንም ሥራው ሳይጀመር።

ፋይሎቹ ወጥተዋል። አሮጌውን ትልቅ ፋይል ልሰርዘው?

ገና ነው። የወጡትን መጀመሪያ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ያኑሩ፤ አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጥ፣ አዘዞ ያለች እኅት ወይም ማራኪ ያለ ወንድም ዘንድ። ጥቂቱን ምርጥ ጎግል ድራይቭ ላይ ማስቀመጥም ይቻላል፤ በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ከኢሜይልዎ ጋር የሚጋራ መሆኑን ግን አይርሱ። ከዚያ በመጪው ጥምቀት ዘመዶች ሲሰበሰቡ ፎቶዎቹን ያሳዩአቸው። የጎደለውን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ «አያታችን ከባሕረ ጥምቀቱ አጥር ሥር የተነሡት ግን የታለ?» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ያ ሰው ከተናገረና ፎቶው ከተገኘለት በኋላ ቦታ ካጠበበዎት ይሰርዙት።